የድንጋዩ ምስክርነት

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እኅቴ ለእታለም ዘሊካ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የባለቤትዎ የሼህ ከማሉዲን ጉልበትስ ተሻላቸው? የቁርኣን ልጆቻቸው እንደ ድሮው ማለዳ ማለዳ ይጮኹ ይሆን? እናንተ ቤት ባደግሁባቸው ዓመታት የምነቃው በእነሱ ድምፅ ነበር። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አዎ፣ እበላለሁ። ሽሮ ብቻ አይደለም፣ ምስርም ለምጃለሁ። አይ፣ ሌላ ሴት አላሰብኩም፤ ብርሀንነሽ ካረፈች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ‹ምን ያስጨንቅሃል?› የሚለውን የመጨረሻውን ጥያቄዎን ግን ባለፈው ወረቀት ዘልዬው አልፌያለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈርቼ ነው።

ብርሀንነሽ ታማ በተኛች ጊዜ ውኃ እየቀዳች ታስታምማት የነበረች ስመኝ የምትባል ሴት ነበረች። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከባሏ ከበፍቃዱ ቤት ወጥታ ጠፍታለች። የሰባት ዓመት ልጇን ማስተዋልን ትታ ነው የሄደችው። ስልኩ ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው፤ መንገዱንም ያውቁታል። በምን እንደሄደች፣ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊትም እንዲሁ ወጥታ ነበር። ያኔ ያስታረቅኋት እኔ ነኝ። የሚያስፈራኝ ያስታረቅሁበት መንገድ ነው።

በቤተሰብ አገልግሎታችን አንድ ድንጋይ አለ። የተጣሉ ባልና ሚስት ሲመጡ፣ በአገራችን ደንብ ያጠፋው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይንበረከካል፣ የተበደለው ያነሣለታል። ያን ቀን በፍቃዱ ተሸከመ። ስመኝ እጇን አልዘረጋችም። እኔም ድንጋዩን ከእሱ ማጅራት አንሥቼ በራሴ ላይ አደረግሁና ተንበረከክሁላት። ‹ለእኔ ስትይ› አልኳት። መጋቢዋ ነኝ፣ ምን ትበል? አነሣችልኝ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም ዳግመኛ እጁን እንዳያነሣባት ለበፍቃዱ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ያውቃሉ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እምዬ እርስዎን ይዛ ከአባባ ኮብልላ ማሻ ያለው ወንድሟ ቤት ገብታ ነበር። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሄዶ እንቢ አለች። አባባ ለሴት አልንበረከክም ስላሉ፣ በአራተኛው እኔን ወሰዱኝና ድንጋዩን እኔ ማጅራት ላይ አደረጉት። እምዬ አነሣችልኝ፣ ተከትላንም ወደ ቤቷ ገባች። ደሴ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ጌታን ባገኘሁ ጊዜ መጀመሪያ የመሰከርኩት ይህንኑ ነው፦ በአባቴ ፈንታ ተሸከምኩ፣ እናቴ ይቅር አለች፣ ቤታችን ተጠገነ። ሰው አለቀሰ። ‹ልጄ፣ ጥሪህ ቤተሰብ ላይ ነው› አሉኝ። ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የላኩኝ በዚያ ነው፤ ወደዚህ ያመጣኝም እሱ ነው።

አሁን ሽማግሌዎቻችን ማስተዋል እናቷ ወዳለችበት ተወስዳ ድንጋዩን ትሸከም ይላሉ። ‹መጋቢ፣ ያንተው ምስክርነት አይደል?› ይሉኛል። ነው እላለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን እምዬ ድንጋዩን ስታነሣ አንድ ቃል ተናግራለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ይቅር ብያለሁ› አለች እያልኩ ሰብኬያለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ለመናገር ግን ያን ቃል መስማቴን አላስታውስም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየኝ። እርስዎ አጠገቧ ቆመው ነበር። ምን ነበር ያለችው?

ወንድምዎ አስናቀው


ኩታበር፣ ኅዳር 17 ቀን 2016

ወንድሜ አስናቀው፣

አሰላሙ አለይኩም። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ከማሉዲን ጉልበቱን ያመዋል፣ ምላሱን ግን አላመመውም። ልጆቹም ይጮኻሉ። ስንዴው ዘንድሮ ደህና ነው፣ ውርጩ ካልቀደመን። እንግዳ አለብኝና ቤቴ ጠቧል፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

እምዬ ያለችውን ረስቼዋለሁ። ልጅ ነበርኩ። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ነገር ምን ያደርግልሃል?

ያችን ልጅ ግን የትም አትውሰዷት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። እንዲያው እኔ ታላቅህ ነኝና አትውሰዷት።

አንተስ ስመኝን ብታገኛት ምን ልታደርጋት ነው? እውነቱን ጻፍልኝ። ስብከት አልፈልግም፤ ስብከቱ እዚህም ሞልቷል።

እኅትህ ዘሊካ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 26 ቀን 2016

እታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። ወረቀትዎን ሾፌሩ ታደለ በእጄ ሰጠኝ፤ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ፈትሸውት ጫማው ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። ጠረኑን ይቅር ይበለው።

ስመኝን ባገኛት ምን እንደማደርግ አላውቅም። መልሴ ይኸው ነው። ከወር በፊት ቢጠይቁኝ ‹አመጣታለሁ› እል ነበር፤ ሳላስብ፣ ‹አሜን› እንደሚባለው።

አይቀየሙኝ፣ ልጅ አልነበሩም። አሥራ አምስት ዓመትዎ ነበር። ሼህ ከማሉዲንን ያገቡት ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ነው። የረሱ አይመስለኝም። እንዳይነግሩኝ ብለው ነው ‹ረሳሁ› ያሉኝ።

በፍቃዱ በየቀኑ ይመጣል። ወረኢሉ ገበያ በሬ መንዳት ከተወ ወዲህ ሥራ የለውም። ግቢዬ ውስጥ ግንድ ላይ ይቀመጣል።

‹መጋቢ፣ ዋሴ ነዎት አይደል?› ይለኛል።

‹ነኝ።›

‹ታዲያ ዋስ ያስመልሳል እንጂ ሻይ ይጠጣል?›

‹ዋስ የሆንኩት ለእጅህ ነው› አልኩት ትናንት።

‹እጄ ምን አደረገ?› አለና ዘርግቶ አሳየኝ። ሰፊ እጅ ነው፣ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። የአባባ እጅ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ከዚያ ብርጭቆውን የያዘውን የራሴን አየሁ። ያው ነው።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። ብርሀንነሽ ላይ አንድ ቀን እጄን አንሥቼ አውቃለሁ። አላሳረፍኩትም። በትዳር ትምህርት ላይ ‹አንሥቼ አላሳረፍኩም› እያልኩ ራስን ስለ መግዛት አስተምርበት ነበር። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ‹ከኋላዬ ስትመጣ እባክህ ሳል በል› አለችኝ። እየሳልኩ እገባ ነበር። አሁንም ባዶ ቤት ስገባ እስላለሁ።

ሌላም አለ። ስለ ድንጋዩ መመስከር ስጀምር ሁልጊዜ ‹ለጉባኤው ሕፃናት ሻይ ላፍላ› ብላ ትወጣ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። በ2013 እርስዎ ዘንድ ሦስት ቀን ሰንብታ ስትመለስ፣ በዚያች በቀጭን ድምፅዋ ‹እታለምን ጠይቃቸው› አለችኝ።

‹ምኑን?› አልኳት።

‹ስትደፍር› አለችኝ።

አልደፈርኩም እታለም። ቀብሬያት እንኳ አልደፈርኩም። ለእሷ የነገሯትን ለእኔም ይንገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ከገና በፊት ልጅቷ ትሂድ ብለው ቆርጠዋል። ስመኝ ማሻ ትሆናለች፣ ወረኢሉ ትሆናለች እያሉ ሰው እያስጠየቁ ነው። ጊዜ የለኝም።

ወንድምዎ አስናቀው


ኩታበር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016

አስናቀው፣

አውፍ በለኝ። ዋሽቼሃለሁ።

ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰዎች ለዚህ ነው ያስተማሩኝ ብዬ አዘንኩ። ከማሉዲን ‹በይ ጻፊው፣ አላህ የሚያውቀውን ነው የምትጽፊው› አለኝና በሩን ዘግቶልኝ ወጣ።

አባታችንን ‹አሉ፣ ወጡ› እያልክ ትጽፋለህ። እኔ አልችልም። ሙላው ነው የምለው።

ያን ቀን እምዬ ድንጋዩን ካንተ ላይ ስታነሣ ያለችው ‹ገደሉኝ› ነው። ለሽማግሌዎቹ አይደለም፣ ላንተም አይደለም። ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ድንጋዩን አስቀመጠችና ማጅራትህን አሸችልህ። ቆዳህ ተልጦ ነበር። ቅቤ አምጡ አለች። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች።

ዓመት ከሁለት ወር ኖረች። በምጥ ሞተች ብለን ነገርንህ። ምጥ አልነበረም። ስድስት ወሯ ነበር። ሙላው ከገበያ መጣ፤ እራቱ ዘገየ፤ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ገላዋን ያጠብነው እኔና አንዲት ጎረቤት ነን። ያየሁትን አልጽፍም።

ነፍሷ ሳትወጣ እጄን ይዛ ‹እሱ እንዳይሰማ። እኔ ነኝ ያመጣኋት ይላል› አለችኝ። ማልኩላት። እኔ ማልኩ፤ አንተ ግን ሳታውቀው ሠላሳ ዓመት ‹እኔ ነኝ ያመጣኋት› አልክ። በማይክሮፎን። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ተደብቄ መጥቼ ሰምቼሃለሁ። ሻሼን አፌ ውስጥ ወትፌ ነው የወጣሁት።

ልነግርህ ተነሥቼ አውቃለሁ። ግን ደስ ብሎህ ነበር። ከእምዬ ሞት በኋላ እኔ ጋ ስትመጣ ሁለት ዓመት ያልሳቅህ ልጅ ነህ። ከማሉዲን ከቁርኣን ልጆቹ፣ ከደረሶቹ ጋር አስቀምጦህ፣ ገበታ ላይ ትልቁን ጉርሻ ላንተ እየሰጠ ነው ያሳቀህ። በዚያች ምስክርነት ሰው ሆነህ ቆመህ ሳይህ እንዴት ልንቀልብህ?

ብርሀንነሽ ግን ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። ለእሷ አልማልኩም ነበርና ነገርኳት። ስትሄድ ‹አንዲት ሴት አለች፤ ከባሰባት ወደ እርስዎ ልላካት ወይ?› አለችኝ። ላኪ አልኳት።

እንግዳዬ ስመኝ ናት።

ክንዷ እየጠገገ ነው። እስካሁን ያልነገርኩህ ስለምንፈራህ ነው። በፍቃዱን አይደለም፣ እሱ ይህን ቤት አያውቀውም። አንተን ነው። ‹መጋቢ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል› ትላለች። ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ወደ ጓሮ ትሸሻለች። ‹ማስተዋልን በር ላይ ካቆሙብኝ አልችልም፣ እሄዳለሁ› ትለኛለች። ልትሞት እንደምትሄድ እያወቀች ነው እንዲህ የምትለኝ። አንዲት ሴት ስትሄድ አይቻለሁ። ሁለተኛዋን አላይም።

አሁን ሁሉን ነግሬሃለሁ። ከወደድክ ና፤ ከነድንጋይህ። ካልሆነም ይህን ወረቀት አቃጥለው።

ዘሊካ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016

እታለም፣

አቃጥዬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስላልጻፍኩ ይቅርታ።

ይህን ወረቀት ያመጣችልዎት ማስተዋል ናት። ከሹራቧ በታች የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ ቢያስቅዎት አይፈረድም። ከታደለ ሚስት ጋር ነው የላክኋት፤ ወንድ በዚህ ሰሞን መንገድ አይወጣም፣ እሷን ግን አይነኳትም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ባለፈው ሳምንት በነበፍቃዱ ግቢ ሳልፍ ልጅቷን አየኋት። አንዲት ትንሽ ድንጋይ ማጅራቷ ላይ አድርጋ አፈር ላይ ትንበረከካለች፣ ትነሣለች፣ ትንበረከካለች። ‹ምን እያደረግሽ ነው?› አልኳት። ‹እየተለማመድኩ› አለችኝ። ሌላ ምን ልጨምርልዎት?

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ‹ልጅቷ ትሂድ› አልኳቸው። አቶ አወቀ ‹ተመስገን! መንፈስ ተናገረህ› ብለው እጃቸውን አነሡ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔርም ያውቃል፤ ሁለታችንም አብረን ዝም አልን።

በፍቃዱ ግን ሞኝ አይደለም።

‹እናቷ የት ነው ያለችው?› አለኝ።

‹አውቃለሁ፣ ግን አልነግርህም። ብነግርህ ከአስታራቂው ቀድመህ ትደርሳለህ።›

‹ባይመለሱስ?›

‹እኔ እዚህ ነኝ። የትም አልሄድም።›

‹ይማሉ?›

‹ዋስህ ነኝ አላልኩህም?›

ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፤ ሰው ሲስቅ አይቶ መፍራት ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ። አቶ አወቀ ‹ድንጋዩን አስይዟት እንጂ!› አሉ። ‹ለመንገድ ይከብዳል፣ እዚያም ድንጋይ አይጠፋም› አልኳቸው።

አይመለሱም እታለም። እንዳይልኳቸው። ጉባኤው ከገና በኋላ ባለው እሑድ ስመኝን ሊቀበል ተቀጣጥሯል፤ እህቶች ጠላ በሌለው ድግስ ላይ ዳቦ ሊጋግሩ ተከፋፍለዋል። እስከዚያ በፍቃዱ ይታገሣል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሳስብ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ብዬ እጽፋለሁ።

ስመኝን ይቅርታ አልጠይቃትም። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ እሺ ከማለት በቀር መንገድ ያልነበራት ሰው ናት። ድንጋዩ እዚህ መቅረቱን ብቻ ይንገሯት።

አስናቀው


ኩታበር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2016

አስናቀው፣

ገብታለች። ደህና ናት። የታደለ ሚስት ነገ ማለዳ ስለምትነሣ አሳጥሬ ነው የምጽፈው።

ስመኝ በሩ ላይ ስታያት ጮኸች። ልጇን አላቀፈቻትም መጀመሪያ። ከኋላዋ ማን እንዳለ፣ ምን እንደያዘች፣ ዙሪያዋን ዞረች። ባዶ መሆኑን ስታይ ነው እዚያው ደጁ ላይ የተቀመጠችው። ልጅቷም ‹እማዬ፣ ድንጋዩን መቼ ነው የምሸከመው?› አለቻት። ከማሉዲን ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ይህ ሦስተኛዬ ነው።

አንተም ውጣ። እሑድን አትጠብቅ። ከማሉዲን ‹ያችው የልጅነት ክፍሉ አለች፣ ያከማቸንባትን ሽንኩርት አወጣለታለሁ› ይላል። እፈራልሃለሁ። እንደ ድሮው አንተን አይደለም የምፈራው፣ ላንተ ነው።

ሰባት ዓመትህ ነበር፣ ወንድሜ። ሰባት ዓመት።

ዘሊካ


መካነ ሰላም፣ ጥር 9 ቀን 2016

ለማከብርዎት እታለም ዘሊካ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጽሕፈቴ ስለተለወጠ አይደንግጡ። በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ግራም ይለምዳል።

አይ፣ አልወጣሁም። የትም አልሄድም ብዬው ነበር። ደግሞም እሑድ የምናገረው ነበረኝ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። በፍቃዱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ተቀምጧል። ድንጋዩን ይዤ ወጣሁና ያችኑ ምስክርነት ከመጀመሪያው ጀመርኳት። ሰው በቃሉ ያውቃታል፤ አንዳንዱ ከእኔ ጋር ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። እናቴ ድንጋዩን አነሣች እስክል ድረስ። ‹ይቅር ብያለሁ› የሚለውን ሲጠብቁ፣ ያለችውን ነገርኳቸው። ከዚያ እራቱ መዘግየቱን፣ ስድስት ወሯን። ከዚያም ስመኝንና ‹ለእኔ ስትይ› ያልኩትን። ስመኝም ማስተዋልም እንደማይመለሱ፣ የላክኋትም እኔ መሆኔን።

አቶ አወቀ መካከል ላይ ማይክሮፎኑን አጠፉት። ያለ ማይክሮፎን ጨረስኩት። ድምፄ እንዴት ትንሽ ነው እታለም! ሠላሳ ዓመት አላወቅሁትም ነበር።

እልል ያለ የለም። የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተምና ቁልፍ እዚያው ተቀበሉኝ። ‹እናትህን አዋረድክ› አሉኝ አቶ አወቀ። ሰው ሲወጣ ሦስት ሴቶች ወደ ኋላ ቀሩ። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ቆመው ቆመው ሄዱ።

በፍቃዱ ሰኞ መጣ። ‹ዋሴ ነዎት አይደል?› አለኝ። ‹ነኝ› አልኩት። የቀረውን አልጽፍም። እርስዎም የእምዬን ገላ አልጻፉልኝም። ቦታውን አልነገርኩትም፤ ስመኝ ልትሰማ የሚገባት ይህንን ብቻ ነው። ታደለ ጉዱን አይቶ ‹ቀኝ እጅዎን ወጌሻ ይየው› ብሎ ወስዶኛል። እጄ ታስሯል፣ ደህና ነው።

ያስፈራኛል፣ አልዋሽዎትም። በግቢው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንገቴ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ማጅራቴ ያንን ክብደት የሚጠብቅ ይመስል። ግን ትናንት ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ሆና ከመግባቷ በፊት ሳል አለች። ‹መጋቢ፣ ያች እኅትዎ ኩታበር ነው ያለችው አሉ ... ሌላ እንግዳ ትቀበል ይሆን?› አለችኝ። ኩታበርን አንድ ቀን ብርሀንነሽ እንደነገረቻት ነው የነገረችኝ። ‹ብርሀንነሽ የነገረችሽን ለሌላ ሰው አትንገሪ› አልኳትና አስገባኋት። ስለዚህ ለሼሁ ሽንኩርቱን እንዲያወጡት ይንገሩልኝ። ክፍሉ ግን ለእኔ አይደለም።

እኔ ጥቂት እቆያለሁ። የበሩ ማጠፊያ ሰኞ ዕለት ተነቅሏል፤ በአንድ እጅ አናጢነት አይሆንልኝም። እስኪሻለኝ ድንጋዩን ከውስጥ አስደግፌዋለሁ። ይይዛል።

ወንድምዎ አስናቀው